ሽምደዳና ንግግር ለየቅል ናቸው

ጥፋቱን ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ማታ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ታቅፋ ቤቴ መጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። «ጋሼ፣ የአማርኛ መምህራችን ለረቡዕ የአምስት ደቂቃ ንግግር አዘጋጁ ብለውናል፤ ከ10 ይታረማል» አለችኝ። ርእሱም ተሰጥቷታል፤ «የወጣቱ ትውልድ ሚና ለአገር ዕድገት» ይላል።

እኔም መጻፍ የሚወድ ሰው ነኝና ለመለመን ጊዜ አልሰጠኋትም። «ክቡራንና ክቡራት» ብዬ ጀመርኩ። የዛሬው ወጣት የነገ አገር ተረካቢ መሆኑን አስታወቅኩ። ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ሦስት ከባድ ከባድ ቃል ጣል አደረግኩበትና «ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ልጅቱ ሁለት ሌሊት ስትሸመድድ አመሸች። ረቡዕ ዕለት እንደ ውዳሴ ማርያም ደገመችው። 9 ከ10 አገኘች። አንዷ ማርክ የተቀነሰችው ሲናገሩ ወደ ጣሪያ በማየቷ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? ትሉኝ ይሆናል። የጎደለውን የነገረችኝ ራሷ ናት። ንግግሯን እንደጨረሰች አንድ የክፍል ጓደኛዋ እጁን አውጥቶ «ሚና ሚና ያልሽው ምንድን ነው? እኛ ነገ ጧት ተነሥተን ምን እናድርግ?» ሲል ጠየቃት። ዝም አለች። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም «ጥያቄ አይፈቀድም፤ ቀጣይ!» ብለው ገላገሏት። «ጋሼ፣ የጻፉት እርስዎ ስለሆኑ እኮ ነው መልሱን ያላወቅኩት» አለችኝ። መልሱን እኔም እንደማላውቀው አልነገርኳትም።

ይህ የእኔ ቤት ጉድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላበላሽም ነበር። አጎት ይጽፋል፣ ታላቅ ወንድም ይጽፋል፣ አንዳንዴም ለበዓል ቀን የሚናገረውን ልጅ መምህሩ ራሱ ጽፎ ይሰጠዋል። አሁን አሁንማ ጸሐፊ ዘመድ መፈለግም ቀርቷል፤ ስልክ ሲጠይቁት ንግግሩን በደቂቃ ሠርቶ ያስረክባል፤ «ክቡራንና ክቡራት»ንም አይረሳም። ልጁ ይሸመድዳል፣ ይለፈልፋል፣ ማርኩን ይወስዳል። ይህን «የመናገር ክሂል» ብለን መዝገብ ላይ እናሰፍራለን።

ለመሆኑ ንግግር ምንድን ነው? እኔ እንደሚገባኝ አንድ ሰው የሚያውቀውንና የሚያምንበትን ጉዳይ ፊቱ ለተቀመጡ ሰዎች በሚገባቸው መንገድ ማቅረቡ ነው። የእህቴ ልጅ ስለ «ትውልድ ሚና» የምታውቀው አልነበራትም። ካላወቀችው አታምንበትም። አድማጮቿም ጣሪያው ላይ አልተቀመጡም።

«እኛ አገር እኮ ልጅ በዐዋቂ ፊት ዝም ነው የሚለው፤ ችግሩ ባህላችን ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በዚህ ላይ ብዙም አልጣላቸውም፤ «አፍህን ዝጋ» እየተባለ ያደገ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ድንገት አንደበተ ርቱዕ አይሆንም። ነገር ግን ባህሉ ይህ ብቻ ነው ማለት አባቶቻችንን ማማት ነው። «በላ ልበልሃ» እየተባለ የሚሞገትበት ችሎት የዚሁ አገር ነው። ተሟጋቹ ቆሞ፣ ባላጋራውን ፊት ለፊት እያየ፣ ጥያቄውን እየመለሰና መልሶ እየጠየቀ ነበር የሚከራከር። ባላጋራው ምን እንደሚል ሳያውቅ ምኑን ይሸመድደዋል? ወደ ቅኔ ቤትም ሂዱ። ተማሪው ቅኔውን ለብቻው ሆኖ ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ዘንድ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ ያርሙታል፤ ጓደኞቹ ይሰማሉ። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ነውር ነው። እኛ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ያንን ነውር 9 ከ10 እንሰጠዋለን።

ሌላም በሽታ አለ። ንግግር በእንግሊዝኛ ካልሆነ ንግግር የማይመስለን ብዙ ነን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ ያውቁ ነበር። የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች እያፏጩ ሲረብሹ ታግሠው ቆዩና ንግግራቸውን አደረጉ። እንግሊዝኛውን አትማሩ እያልኩ አይደለም፤ መናገር ምን እንደሆነ በቋንቋው ያልቀመሰ ልጅ በባዕድ ቋንቋ የሚያሰማን የቃል ድርድር ነው ማለቴ ነው።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሌላ ንግግር ታዘዘ፤ አሁን ርእሱ በምርጫ ሆነ። «አልጽፍም» አልኳት። አኮረፈች። «በዚህ ሳምንት ምን አናደደሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ውሃ!» አለች። የሰፈራቸው ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ ተነሥታ ጄሪካን የምትሞላው እሷ ናት፤ ጧት ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። ሮቶ ያላቸው ጎረቤቶች ግን ተኝተው ያድራሉ። ይህን ስትነግረኝ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አልተነፈሰችም፤ ዓይኗም ጣሪያ አላየ። «ንግግርሽ ይኸው ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ትልቅ ጥበብ የለበትም። በመዳፍ በምትያዝ ቁራጭ ካርቶን ላይ አምስት ቃል ብቻ ጻፈች፤ ሙሉ ወረቀት እጅ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንኮሻኮሻል፣ ካርቶን ግን ያስችላል። በቃሏ የያዘችው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ነው፤ የቀረውን በየጊዜው በአዲስ ቃል ትለዋለች። በሰዓት ስንለካው 11 ደቂቃ ፈጀ። የሚወጣውን የመረጠችው ራሷ ናት፤ እኔ ልቆርጥ ያሰብኩትን አስቀርታ እኔ የወደድኩትን ቆረጠች። አንድ ጆሯቸው የማይሰማው አያቷ ፊት ተለማመደች፤ «ጮክ በይ እንጂ ልጄ» ከሚሉ ሰው የተሻለ የድምፅ አስተማሪ አላየሁም። በመጨረሻ ሁለት ጓደኞቿ መጥተው አፋጠው ጠየቋት።

ውጤቱ? 6 ከ10። «ለመደበኛ ንግግር የማይመጥን ቋንቋ» የሚል አስተያየት ተጽፎበታል። ጄሪካን ማለቷ ነው መሰለኝ። ንግግሩን ስትጨርስ ግን እጅ ወጣ፤ ስለየሰፈራቸው ውሃ የተናገሩ ሦስት ልጆች ነበሩ፤ መልስ ስትሰጥ ደወል ተደወለ።

እልህ ይዞኝ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደሉም። «60 ተማሪ አለኝ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ አምስት አምስት ደቂቃ ልስጥ ብል ስምንት ክፍለ ጊዜ አለቀ። ምዕራፉን ማን ይጨርስልኝ? አገር አቀፍ ፈተናው እንደሆነ ምርጫ ማጥቆር ነው፤ ተናገሩ አይልም» አሉኝ። ሒሳባቸው ልክ ነው። የሰጠኋቸው መልስ ይህ ነው፦ ተማሪዎቹን ስድስት ስድስት አድርገው በዐሥር ቡድን ይክፈሏቸው። እያንዳንዱ ለአምስት ጓደኞቹ ይናገር፤ ሁሉም በ30 ደቂቃ ያልቃል፤ 10 ደቂቃ ይተርፋል። እርስዎም በየቡድኑ እየዞሩ ይስሙ። ከ10ሩ ማርክ ሦስቱ ለተጠየቀው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ይሁን። ያኔ አጎትም ስልክም አያድንም።

«ጫጫታ ይሆናል፤ ርእሰ መምህሩ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

«ጫጫታው እኮ ነው ትምህርቱ» ብዬ ተሟገትኩ። «እናያለን» አሉኝና ተለያየን። ዐሥረኛ ክፍልም እሳቸው ናቸው የሚያስተምሯት።

ባለፈው እሑድ ማታ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ታቅፋ መጣች። ንግግሩ ለሐሙስ ነው። «ጋሼ፣» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ፣ «9 የሚያሰጠውን ነው የምንሠራው ወይስ 6 የሚያሰጠውን?»