መሣሪያው ያለ ባለሙያ

ኦዲዮሎጂስት የሰውን የመስማት አቅም የሚለካ፣ የጎደለውን በመሣሪያና በልምምድ የሚያግዝ፣ የቀረውም እንዳይጠፋ የሚጠብቅ የጤና ባለሙያ ነው። ከጆሮ፣ ከአፍንጫና ከጉሮሮ ሐኪም ጋር ተያይዞ ይሠራል እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም። ሐኪሙ ሕመሙን ያክማል፤ መድኃኒት ያዝዛል፣ የተቀደደ የጆሮ ታምቡር ይጠግናል፣ ቀዶ ሕክምና ያደርጋል። ኦዲዮሎጂስቱ የሚነሣው ከሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው የትኛውን ድምፅ ይሰማል? የትኛው ያመልጠዋል? ጉድለቱ ያለው በየትኛው የጆሮ ክፍል ነው? ሕክምናው ካበቃ በኋላስ ከቤተሰቡ፣ ከትምህርቱና ከሥራው ጋር እንዴት ተግባብቶ ይኖራል? የሰውነት ሚዛን መጠበቂያም በውስጠኛው ጆሮ ስለሚገኝ፣ እየዞረብኝ ነው ብሎ የሚመጣ ሕመምተኛና ጆሮው ውስጥ የሚጮኽበት ሰውም በእሱ ይመረመራሉ።

ሙያው ራሱን ችሎ የቆመው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሞን ነው። በመድፍና በፍንዳታ ጆሯቸው የተጎዳ ወታደሮች በብዛት ወደ አሜሪካ ሲመለሱ በጦር ሆስፒታሎች የመስማት ማገገሚያ ክፍሎች ተከፈቱ። እዚያ የሠራው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ሬይመንድ ካርሃርት የሙያው አባት እየተባለ ይጠራል። የመስሚያ መሣሪያ በዘፈቀደ እንደማይታደል፣ ለእያንዳንዱ ሰው እየተሞከረና ንግግር ምን ያህል እንደገባው እየተፈተነ መመረጥ እንዳለበት በተግባር ያሳየ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ተራቀቀ፤ ቁም ነገሩ ግን አልተለወጠም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ሪፖርት መሠረት ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ኑሮን የሚያውክ የመስማት ጉድለት ስላለባቸው የተሐድሶ አገልግሎት ያስፈልጋቸዋል። አብዛኞቹ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከዝቅተኛ ገቢ አገሮች 93 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ኦዲዮሎጂስት እንኳ የላቸውም። ኢትዮጵያም በዚያን ጊዜ የተመደበችው ከእነዚሁ ተርታ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ችግሩ በበዛበት ባለሙያው የለም።

ይህ በወለንጪቲ ምን ማለት እንደሆነ ማየት አያስቸግርም። ከተማዋ የቦሰት ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከአዳማ ወደ መተሐራና አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። የጅቡቲ ጭነት መኪኖች ሲያልፉባት ይውላሉ፣ ያድራሉ። ከመንገዱ ዳር ጎሚስታው፣ በያጁ፣ ጋራዡና ወፍጮ ቤቱ ተደርድረዋል። 85 ዴሲቤል በሚደርስ ጫጫታ ውስጥ ያለ መከላከያ ሊሠራ የሚገባው ቢበዛ በቀን 8 ሰዓት ነው፤ ጫጫታው በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ብረት የሚቆርጥ ልጅ ከዚህ በላይ በሆነ ድምፅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ይውላል። ጫጫታ የሚገድላቸው የውስጠኛው ጆሮ ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት ደግሞ ተመልሰው አይበቅሉም።

ጉዳቱ ድንገት ስለማይመጣ ሰው ልብ አይለውም። መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ ከንግግር ውስጥ ሰ፣ ሸ፣ ፈ እና ተ የሚሸከሟቸው። ወፍራሞቹ ይቀራሉ። ስለዚህ ባለጉዳዩ ሰው ሲያወራ ይሰማዋል፣ የተባለው ግን አይለይለትም። ሲጠሩት ዞር ስለሚል፣ ሲነግሩት ደግሞ ሌላ ስለሚመልስ ቤተሰቡ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ ይለዋል። ብዙ አባወራና ብዙ ባልቴት ከቡና ወሬ እየራቁ የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ለሰው የሚመስለው ግን እርጅና ወይም ኩርፊያ ነው።

የልጆች መንስኤ ሌላ ነው። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ በእርግዝና ወቅት የሚይዝ ሩቤላ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ የጨቅላ ሕፃን በጣም ቢጫ መሆንና የዘር ውርስ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። እየደጋገመ የሚመግል ጆሮም አለ፤ ጥርስ ሲያበቅል ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል እየተባለ ለዓመታት ይተዋል። ዘይት ማፍሰስ፣ ቅጠል ጨምቆ መጨመር፣ ኩኩን በክብሪት እንጨት መጎርጎር ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከልጅነት የመስማት ጉድለት 60 በመቶው መከላከል ይቻላል። ክትባት፣ ደህና የወሊድ ክትትልና የሚመግልን ጆሮ በጊዜ ማሳከም የዚህ ትልቁ ድርሻ ነው። መድኃኒትም ይጎዳል፤ ጄንታማይሲንን የመሰሉ መርፌዎች የውስጠኛውን ጆሮ ሊመርዙ ይችላሉ። መድኃኒት በተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረው ካናማይሲን የብዙዎችን መስማት ስለጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመከሩት መድኃኒቶች አውጥቶታል። እንዲህ ያለ መርፌ የግድ ሲሆን በየጊዜው ጆሮን እየለኩ ጉዳቱ ሲጀምር ሐኪሙን ማስጠንቀቅ የኦዲዮሎጂስቱ ተግባር ነው።

ምርመራው የሚጀምረው በጥያቄና ጆሮን በማየት ነው። አንዳንዴ እዚሁ ላይ ያበቃል፤ ቀዳዳውን የደፈነው ኩክ ሲወጣ መስማት ይመለሳል። ካልሆነ ተመርማሪው ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ይቀመጥና ማዳመጫ ጆሮው ላይ ይደረግለታል። በአንድ ጆሮ፣ አንድ በአንድ፣ ከወፍራም እስከ ቀጭን የፉጨት ድምፆች ይላካሉ። እጅግ ስስ ድምፅ እንኳ ከሰማ እጁን ያነሣል። ባለሙያው ድምፁን እየቀነሰ፣ መልሶ እየጨመረ ሰውየው በጭንቅ የሚሰማትን ልክ ፈልጎ በሠንጠረዥ ላይ ያሰፍራል፤ ቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ ግራው በሰማያዊ ኤክስ። ቀጥሎ ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ የሚንቀጠቀጥ ትንሽ መሣሪያ ይለጠፋል። በአየር የመጣውን ያልሰማ በአጥንት የመጣውን ደህና አድርጎ ከሰማ ችግሩ በውጭኛው ወይም በመካከለኛው ጆሮ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሐኪም ሊያድነው ይችላል። ሁለቱም እኩል ከወረዱ የተጎዳው የውስጠኛው ጆሮ ወይም ነርቩ ነው፤ መፍትሔው ባብዛኛው መሣሪያ ይሆናል። እስከ 20 ዴሲቤል ያለውን የሚሰማ ጆሮ ጤነኛ ነው፤ በተሻለው ጆሮ ከ35 ዴሲቤል ያለፈ ጉድለት ኑሮን ያውካል ተብሎ ይቆጠራል።

ከዚያ የንግግር ፈተና ይከተላል፤ ባለሙያው ቃላት ያነባል፣ ተመርማሪው ይደግማል። ይህ ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ወለንጪቲ ገበያ ላይ ኦሮምኛም አማርኛም ይነገራል፤ በሁለቱም ቋንቋዎች ተን ከጠ፣ ከን ከቀ መለየት ትርጉም ይለውጣል። የእንግሊዝኛ የቃላት ዝርዝር ይህን ሊፈትን አይችልም። የቦሰት ገበሬ በራሱ ቋንቋ ካልተፈተነ ስህተቱ የጆሮው ይሁን የቋንቋው ማንም አያውቅም። በየቋንቋው በጥንቃቄ የተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር ከማሽኑ እኩል የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙ ወጪ ሳያወጡ ሊሠሩት የሚችሉትም ይኸው ነው።

እጁን ማንሣት የማይችል ጨቅላ ሳይቀር ይለካል። ጤነኛ ውስጠኛ ጆሮ ድምፅ ሲገባበት እሱም በምላሹ በጣም ደካማ ድምፅ ያወጣል፤ ይህን የሚይዝ መሣሪያ ሕፃኑ ተኝቶ እያለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ሌላው ምርመራ በጭንቅላቱ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች ነርቩ ለድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ ይመዘግባል። በዓለም ዙሪያ የሚመከረው ሕፃን በተወለደ በ1 ወር ውስጥ እንዲጣራ፣ በ3 ወር ጉድለቱ እንዲረጋገጥ፣ በ6 ወር እርዳታ እንዲጀምር ነው። ቤት ውስጥ ከልጁ ኋላ ድስት ክዳን በማንኳኳት ወይም በር በማላተም መሞከር አያስተማምንም። ልጁ ወፍራሙን ድምፅ ሰምቶ ወይም ንዝረቱ ተሰምቶት ይዞራል፣ ወላጅም ይሰማል ብሎ ይዘናጋል። ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት አንድም ቃል የማይል ልጅ አፈ ዘገምተኛ ነው ተብሎ ሊጠበቅ አይገባም፤ ጆሮው መለካት አለበት።

የመስሚያ መሣሪያ የሚታዘዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሥራውም በመስጠት አያበቃም። ባለሙያው በክር የታሰረች ትንሽ ስፖንጅ ወደ ጆሮ ቀዳዳ አስገብቶ ታምቡሩን ይከልላል፤ ከዚያ ለስላሳ ሲሊኮን በመርፌ መሰል መግፊያ ይሞላበታል። ሲጠነክር ተስቦ ይወጣል፤ የዚያ ጆሮ ቅርጽ እንዳለ ታትሞበታል። በዚህ ልክ የሚሠራው ማስገቢያ ከጆሮው ጋር ካልገጠመ መሣሪያው ያፏጫል። ጆሮው የሚያድግ ሕፃን በየጥቂት ወሩ አዲስ ያስፈልገዋል። መሣሪያው ደግሞ በሠንጠረዡ መሠረት ይስተካከላል፤ ጉድለቱ ባለበት ከፍ፣ በሌለበት ዝቅ ይላል። ሁሉንም ድምፅ እኩል የሚያጎላ መሣሪያ የጭነት መኪናውን ሆርን እንደ ጩቤ እንዲወጋ ያደርጋል እንጂ ንግግሩን አያጠራም። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆናል፤ ባለቤቱም አውልቆ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ለዓመታት ድምፅ ያልሰማ አእምሮ እንደገና መልመድ አለበት። መጀመሪያ ጸጥ ባለ ቤት፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ገበያና ወደ ስብሰባ እየወጡ ማለት ነው። ቤተሰቡም ይማራል፦ ከመጮኽ ይልቅ ፊት ለፊት ሆኖ፣ ከንፈር እየታየ፣ ረጋ ብሎ መናገርን። የወለንጪቲ ሙቀት፣ ላብና አቧራ መሣሪያውን ቶሎ ስለሚጎዱ በየማታው አውልቆ መጥረግና እርጥበት በሚመጥ ሣጥን ማሳደር ግድ ነው። የተለመደው ትንሽ ባትሪ ተለጣፊው ከተላጠ ጀምሮ መሥራት ይጀምርና ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ያልቃል። ባትሪ የሚሸጥበት ሱቅ በአካባቢው ከሌለ ውድ መሣሪያም ጌጥ ነው። በአንድ ቀን ዘመቻ ታድሎ የሚቀር መሣሪያ የሚከሽፈው በዚህ ነው፤ ሰጪዎቹ ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን ባትሪው ሲያልቅ ወይም መሣሪያው ሲያፏጭ የሚመለሱበት ሰው ስለሌለ።

መሣሪያ የማይረዳቸውም አሉ። ጉድለታቸው እጅግ ለከፋ ሰዎች በውስጠኛው ጆሮ በቀዶ ሕክምና የሚተከል የኮክሊያ መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ከፍተኛ ነው፣ ከተተከለ በኋላም የዓመታት ማስተካከያና ሥልጠና ይፈልጋል። በሚገባ የሠለጠነ ኦዲዮሎጂስት በዚህ ጊዜ ለወላጅ የሐሰት ተስፋ አይሰጥም። ልጁ ሳይዘገይ ምልክት ቋንቋ እንዲማር ይመክራል፤ በአዲስ አበባ እንደ መካኒሳና አልፋ፣ በሆሳዕና ደግሞ በዚያው ስም እንደሚጠራው ያሉ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል። ቋንቋ ያለው ልጅ ባይሰማም ይማራል፤ ቋንቋ አጥቶ የሚያድግ ልጅ የሚያጣው ከመስማት በላይ ነው።

ለወለንጪቲ ሙሉ የምርመራ ክሊኒክ ይከፈት ማለት ለጊዜው ምኞት ሊሆን ይችላል፤ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ባለ ተራ ክፍል ስስ ድምፅ መለካትም አይቻልም። የሚቻለው ግን ቀላል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና የጤና ጣቢያ ነርሶች ጆሮ ማየት፣ የሚመግል ጆሮ ማከም፣ ኩክ በአግባቡ ማውጣትና አጠራጣሪውን ወደ አዳማ መላክ ይማሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለዚሁ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ደረጃ የጆሮ እንክብካቤ ሥልጠና አለ። አዳማ ላይ ደግሞ ጸጥ ያለ ክፍል፣ መለኪያና ከዓመት ዓመት ቦታው ላይ የሚገኝ ኦዲዮሎጂስት ሊኖር ይገባል፤ ከወለንጪቲ፣ ከመተሐራና ከመቂ የሚመጣ ሕመምተኛ ለባትሪና ለማስተካከያ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ የለበትም። እስከዚያው ጋራዥና በያጅ ቤት ያላችሁ ለሠራተኞቻችሁ የጆሮ መከላከያ ግዙ፤ የልጁ መስማት ያጠራጠረው ወላጅም ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው።