ቀዳዳውን ማስፋት መላ ይሆናልን?

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሐረርጌ የሚጓዝ ሰው ሚኤሶን አልፎ የጨርጨርን ዳገት ሲይዝ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በቆላው ክዳኑ ተጠብቆ የተዘጋ የውሃ ፕላስቲክ ጭሮ ሲደርስ ሆዱ ተነፍቶ ይገኛል። ሚኤሶ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፥ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፥ የዛሬዋ ጭሮ፥ ወደ 1,800 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታው በጨመረ መጠን የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ በዚህ ዳገት ብቻ ከመቶ 6 ያህል ይጎድላል። በዕቃው ውስጥ የታሰረው አየር ስለዚህ ይለጠጣል። ብዕር በደረት ኪሱ ይዞ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ቀለሙ ሸሚዙን የሚያበላሽበትም በዚሁ የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ይህን ተራ የሚመስል ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የኤሌክትሪክ ሲጋራ፥ በወጣቶች አጠራር «ቬፕ» የተባለው መሣሪያ፥ ፈሳሹን ከሚያንጠባጥብባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ጉድለቱን በገዛ እጅ ለማረም የሚደረገው ሙከራም ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ትምባሆ ሳይቃጠል የሚሳብ ሲጋራ ለመሥራት ኸርበርት ጊልበርት የተባለ አሜሪካዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ሐሳቡን አቅርቦ በ1965 የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር። ለዛሬው መሣሪያ መሠረት የሆነውን ግን በ2003 የሠራው ቻይናዊው የመድኃኒት ባለሙያ ሆን ሊክ ነው። አሠራሩን ለመረዳት ኩራዝን ማሰብ ይበቃል። በኩራዝ ውስጥ ላምባው በክሩ እንደሚሳብ ሁሉ፥ በዚህም መሣሪያ ኒኮቲን የተቀላቀለበት ፈሳሽ በጥጥ ተስቦ ከጥቅል ሽቦ ዘንድ ይደርሳል፤ ባትሪው ሽቦውን ያግለዋል፤ ፈሳሹም ተንኖ ይሳባል። ፈሳሹ በጥጡ በኩል በአንድ ጊዜ እንዳይወርድ የሚይዘው፥ በመያዣው አናት የቀረው አየር ግፊቱ ከውጭው አየር ያነሰ መሆኑ ነው። እንግዲህ ለመሙላት ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ፥ ወይም ዕቃው በፀሐይ በጋለ ጊዜ፥ ወይም ከቆላ ወደ ደጋ በወጣ ጊዜ ይህ ሚዛን ይፈርስና ፈሳሹ በአየር መግቢያው በኩል ይንጠባጠባል። ጎሚኒው ያረጀ እንደሆነማ ይብሳል።

የመሣሪያው ወዳጆች በየአገሩ ልዩ ልዩ መላ ሲመቱ ይታያሉ። አንዱ የመሙያውን ቀዳዳ በጋለ መርፌ ወይም በመሰርሰሪያ ያሰፋል፤ ሌላው ጥጡን አጥብቆ ይጠቀጥቃል፤ ሦስተኛው ከሌላ ዕቃ የፈታውን ጎሚኒ ይገጥማል፤ አራተኛው በሲሪንጅ ይሞላል። ሥራው ብልኀት የሌለበት አይደለም። ነገር ግን ቀዳዳው የሰፋ እንደሆነ ለመሙላት ይቀላል እንጂ ክዳኑ እንደ ቀድሞው ገጥሞ አይዘጋም። ጥጡ ከመጠን በላይ የተጠቀጠቀ እንደሆነም ማንጠባጠቡ ይቀንስ ይሆናል፤ ሆኖም ፈሳሹ ከሽቦው ዘንድ በበቂ ስለማይደርስ ጥጡ ራሱ ያርራል፤ ሰውየውም የተቃጠለ ጥጥ ጢስ ይስባል።

የሚፈሰው ውሃ ቢሆን ኖሮ ስለዚህ ነገር መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ኒኮቲን ግን በቆዳ በኩል ወደ ደም የሚገባ መርዝ ነው። ቀድሞ ለተባይ ማጥፊያነት ያገለግል ነበር፤ እርጥብ የትምባሆ ቅጠል የሚለቅሙ ሠራተኞችም በእጃቸው በገባው ኒኮቲን ምክንያት ማዞርና ማስመለስ ይይዛቸዋል። በ2014 በአሜሪካ፥ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ፎርት ፕሌን በተባለች ከተማ፥ የአንድ ዓመት ሕፃን ፈሳሽ ኒኮቲን ጠጥቶ ሞቷል። የአሜሪካ መንግሥትም በ2016 መጀመሪያ የፈሳሹ ዕቃ ሕፃን ሊከፍተው በማይችል ክዳን እንዲዘጋ በሕግ አዘዘ። ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ የፍራፍሬና የከረሜላ ሽታ ያለው ስለሆነ፥ በቤት ውስጥ ተከፍቶ የተቀመጠ እንደሆነ ሕፃን ጣፋጭ ነው ብሎ ወደ አፉ ቢወስደው ያስገርማልን?

መሣሪያውን በሕግ የፈቀዱት አገሮች ምን እንዳደረጉ እንመልከት። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ባወጣው ድንጋጌ መያዣው ከ2 ሚሊ ሊትር፥ የመሙያው ጠርሙስ ከ10 ሚሊ ሊትር፥ ኒኮቲኑም በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። በ2016 ደግሞ በጠብታ የሚሞላ ጠርሙስ ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ቀጭን አፍ እንዲኖረው፥ በደቂቃም ከ20 ጠብታ በላይ እንዳያፈስ ተደነገገ። በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ሲጋራ መተው ላቃታቸው አዋቂዎች ይህን መሣሪያ ከሲጋራ ያነሰ ጉዳት ያለው ነው ብለው ይመክራሉ፤ ምክሩ ግን የሚሰጠው ጠብታው ሳይቀር በሕግ ስለተቆጠረ ዕቃ መሆኑን አንባቢያችን ልብ ይበል።

የእኛ አገር መንገድ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን፥ ሺሻንና ልዩ ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ለገበያ ማቅረብን ከልክሏል፤ ትምባሆም ከ21 ዓመት ዕድሜ በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ አዟል። ክልከላውን እንደግፈዋለን። ነገር ግን ክልከላው ከወረቀት አልፎ ከሱቁ መደርደሪያ ካልደረሰ ሌላ አደጋ ይወልዳል። በስውር የሚገባን ዕቃ ማንም አይመረምረውም፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት መሆኑን የሚለካ የለም፤ ቢያፈስም የሚጠየቅ ፋብሪካ አይገኝም። በአሜሪካ በ2019 የተነሣው የሳንባ ሕመም እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎችን ለሆስፒታል ዳርጎ 68 ሰዎችን ገድሏል። ለሕመሙ በዋነኛነት ምክንያት ሆኖ የተገኘውም ከመደበኛው ገበያ ውጭ በሚሸጥ የካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የተባለ ማወፈሪያ ነበር።

ስለ ምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የምንናገረው ስለዚህ ነው። ከድሬዳዋ ወደ መሐል አገር የሚወርደው መኪና በሂርናና በጭሮ አድርጎ ወደ ሚኤሶ ያልፋል። ኮንትሮባንድ የሚያልፍበት መንገድ ዳር የሚኖር ሕዝብ አዲሱን ዕቃ ከሌላው ቀድሞ የሚያይ ነው። በዚያም ላይ አገሩ የጫት አገር ነው፤ በጫት ሰዓት ትምባሆ ማጨስም የቆየ ልማድ ነው። በቅል የሚሠራውን ጋያ የማያውቅ የሐረርጌ ሰው የለም። ስለ ጋያም ሆነ ስለ ሺሻ ጢሱ በውሃ ታጥቦ ስለሚያልፍ አይጎዳም የሚል እምነት አለ። ውሃው ግን ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም። ዛሬም ስለ አዲሱ መሣሪያ «ተን ብቻ ነው» ሲባል የምንሰማው ያንኑ አሮጌ እምነት በአዲስ ልብስ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፥ የጤናና የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ክልከላውን ከጭሮ እስከ ገለምሶና በዴሳ ለባለ ሱቆች በግልጽ ቋንቋ፥ በኦሮምኛም በአማርኛም፥ ያስታውቁ። ሁለተኛ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እናቶችን ያስተምሩ፤ ፈሳሹ ቆዳ የነካው ሰው ልብሱን አውልቆ በብዙ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ የጠጣ ሕፃን ቢኖር በግድ እንዲያስመልስ ሳይደረግ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሦስተኛ፥ ሱስ የያዘውን ሰው መቅጣት ብቻውን አይፈውሰውምና፥ ማጨስ ለመተው ለሚፈልግ ሰው ምክርና ርዳታ በየጤና ጣቢያው ይዘጋጅለት።

ወጣት ወንድሞቻችንን ግን በዚህ አጋጣሚ እንመክራለን። የአየርን ግፊት ከፈሳሽ ጋር አስተያይቶ የትኛው ጎሚኒ የት እንደሚገጥም የሚያውቅ እጅ የተባረከ እጅ ነው። ይህ እጅ መርዝ የሚያፈስ ዕቃ ሲጠግን ከሚውል፥ ሲያንጠባጥብ የሚያድረውን የሰፈር ቦኖ ቢጠግን ምንኛ በጠቀመ! ውሃ ለመቅዳት ጀሪካን ይዛ ወረፋ የምትጠብቀው እኅቱ ታመሰግነዋለችና።