ወረቀቱን ተማሪው ያንብበው

ይድረስ በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደብረ ማርቆስና በደሴ ለምታስተምሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

የምጽፍላችሁ ከኮሎራዶ፣ ከአውሮራ ነው። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ 15 ቁጥር አውቶቡስ የያዘ ሰው ከሐበሻ ምግብ ቤቶቻችን ደጃፍ ተነሥቶ ዴንቨር መሀል ከተማ ይወርዳል፤ የሁለቱን ከተሞች ወሰን ልብ የሚል የለም።

በአሜሪካ ሃይማኖትንና መጽሐፍ ቅዱስን የሚያጠኑ ምሁራን ሁለት ትልልቅ ማኅበራት አሏቸው፤ አንዱ በ1880፣ ሌላው በ1909 እ.ኤ.አ. የተመሠረቱ። ዓመታዊ ጉባኤያቸውን በ2018ና በ2022 እ.ኤ.አ. እዚሁ ዴንቨር ላይ በጋራ ሲያደርጉ፣ ግዙፉ ሰማያዊ ድብ አንገቱን አስግጎ በመስኮት በሚያይበት የስብሰባ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይተራመስ ነበር። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተገኘው በግእዝ ብቻ ነውና እንዲህ ያለ ጉባኤ እኛን ዘሎ ማለፍ አይሆንለትም። (ይህን ስጽፍ ትንሽ ደረቴን ነፋሁ፤ ይቅር በሉኝ።)

እኔን የሚያስቀናኝ ግን ትንሹ ስብሰባ ነው። ማኅበራቱ በየአካባቢው ቅርንጫፍ አላቸው፤ የእኛው በሮኪ ተራሮችና በግሬት ፕሌይንስ ስም ይጠራል። እንዲህ ያለውን ቅርንጫፍ መምራት የክብር ወንበር እንዳይመስላችሁ። የጥናት ወረቀት ጥሪ ማውጣት፣ የመጡትን አጫጭር መግለጫዎች አንድ በአንድ ማንበብ፣ አዳራሽ መለመን፣ ሰዓት ማብቃቃት፣ አንዱ ተናጋሪ ሲቀር ሌላ ማፈላለግ ነው። አቅራቢው አበል አይቀበልም፤ እንዲያውም መመዝገቢያ ከኪሱ ይከፍላል። በትልቁ ጉባኤ ጥግ ይዞ የሚያዳምጠው የማስተርስ ተማሪ እዚህ ቆሞ የራሱን ያነባል። ሐሳባቸውን የተቸባቸው አንጋፋ ፕሮፌሰር ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሊጠይቁት ይችላሉ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ግን ይመልሳል። ለተማሪ ወረቀት ሽልማት መስጠትም በየቅርንጫፉ የተለመደ ነው።

ተማሪ የራሱን ሥራ ቆሞ ማቅረቡ ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም የቅኔ ቤት ቢሆን፣ የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ ባለ ቅኔ የሆነ ተማሪ የለም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ የራሱን እየቆጠረ፣ ለመምህሩ እየነገረ፣ ጓደኞቹ እየሰሙት እየታረመ ነው የሚያድገው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ዐውደ ጥናት ስንት ጊዜ ያየሁት ግን ሌላ ነው፦ ባነር፣ የክብር እንግዳ፣ የመክፈቻ ንግግር፣ ሻይ፣ አበል። ተማሪው ወንበር ይደረድራል፣ ማይክ ያዞራል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሦስት ፈታኞች ያዩለትና መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለውን የጦርነት መከራ ከዚህ ሆኜ አላቃልለውም። ከጎንደር ባሕር ዳር ለመሄድ ስንት ነገር እንደሚታሰብ እሰማለሁ። ስለዚህ መንገድ የሚያስወጣ ጉባኤ አልጠይቃችሁም። በየከተማችሁ አንድ ክፍል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ወረቀታቸውን የሚያነቡ አምስት ስድስት ተማሪዎች ይበቃሉ። የታሪኩም፣ የቋንቋውም፣ የነገረ መለኮቱም ተማሪ ይምጣ፤ የደብር መምህራንም ይጋበዙ፤ እነሱ ሲጠይቁ ዋዛ የለም። ምንጭ ለማግኘትም አዲስ አበባ መውረድ ግድ አይደለም። በሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡት ብራናዎቻችን ብዙዎቹን በኢንተርኔት በነጻ ያሳያል። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚያን ብራናዎች ሲዘረዝሩ ነው ረጅም ዕድሜ የሠሩት።

እኛ የአውሮራ ሰዎች ለሠርግና ለቤተ ክርስቲያን ማዋጣት እናውቅበታለን፤ ለተማሪ ግን እጃችን ከብዶ ኖሯል። የወረቀቶቹን ማተሚያና የቡናውን ወጪ ከዚህ ማዋጣት አያቅተንም። ለክብር እንግዳ ግን ሳንቲም አንልክም።

ለእናንተ ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚህ ገና ቀትር አካባቢ ነው፤ ወረቀቶቹን በቴሌግራም ላኩልኝና አንብቤ ከተማሪዎቹ ጋር እነጋገራለሁ። በአማርኛ ቢጻፍም ይሆናል፤ ከአሥር ገጽ አይብለጥ። የአማካሪው ስም ከተማሪው ስም ቀድሞ ከመጣ ግን ሳላነብ እመልሰዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከአውሮራ