የወንድ አጥንትም ይሳሳል

ባህር ዳር አቅራቢያ፣ መሸንቲ ላይ አንድ አዛውንት ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ሲሰበር ጠያቂው ሁሉ «እግዜር ይማርዎ» ብሎ «መቼስ እርጅና ነው» እያለ ይወጣል። እርጅና አይደለም፤ በሽታ ነው! ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ከቆመበት ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ፣ ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ አጥንቱ ሳስቷል። ይህን ለማለት የአጥንት ጥግግት የሚለካው የዴክሳ ማሽን እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የታመመችው እናት ብትሆን ምናልባት የሚጠረጥር ይገኝ ነበር። አባትን ግን ማን ይጠርጥራቸው?

አጎቴ ዳሌያቸው ሲሰበር መጀመሪያ ወጌሻ አሻቸው። ሲጮሁ ከርመው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ተወሰዱ። ብረት ገባላቸው፣ ስፌቱ ወጣ፣ ተሸኙ። ለአስም ብለው ለዓመታት ፕሬድኒሶሎን ይውጡ እንደነበር የጠየቃቸው የለም። ይህ መድኃኒት አጥንት እንደሚያሳሳ የማያውቅ ሐኪም አለ? ሌላው ዳሌያቸው ሲሰበርም የተሰጣቸው ያው ብረትና ማስታገሻ ነው። ከዚያ በኋላ ቆመው አልሄዱም።

«የአጥንት መሳሳት የሴት በሽታ ነው» የሚለው ወሬ ሰው እየገደለ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ 5 ወንዶች አንዱ በዚህ በሽታ ሰበብ ይሰበራል፤ ዳሌው የተሰበረ ወንድ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ የመሞት ዕድሉ ከሴቷ ይበልጣል። መድኃኒት ጠፍቶም አይደለም። በ2012 የታተመ፣ 1,199 ወንዶችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ አዲስ የአከርካሪ ስብራትን በ67 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ርካሹ አለንድሮኔትም አለ፦ በሳምንት አንድ ቀን 70 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ከሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ መቆየት። ኩላሊቱ ክፉኛ የደከመ ሰው ግን ሁለቱንም አይወስድም።

ስለ አረቄም ዝም አልልም። በዚህ አገር የሚታረሰው ዳጉሳ ከእህል ሁሉ በካልሲየም የሚታወቅ ነው፤ በ100 ግራም 300 ሚሊ ግራም ገደማ ይዟል፣ በጾምም ይበላል። እኛ ግን አብቅለን፣ ፈጭተን፣ ጠንስሰን አረቄ እናወጣበታለን። ካልሲየሙ ከአተላው ጋር ይደፋል፤ ለአባወራው የሚደርሰው አጥንቱን የሚያሳሳው አልኮል ነው። ጎረምሳውም ሽማግሌውም በየማታው ይህን እየጠጣ «ወንድ ነኝ» ይላል!

ቁመቱ ያጠረና ወገቡ የጎበጠ አባትም ስብራት ሳያውቀው ደርሶበት ይሆናል። ራጅ ይነሣ። የአከርካሪ ቲቢና ካንሰር አለመሆኑ ይጣራ።

ባህር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም አሉን፤ ሐኪም የሚሠለጥነው እዚሁ ነው። ጥያቄዬ ብዙ አይደለም። በቀላል አወዳደቅ የተሰበረ አባት ከኦርቶፔዲክስ ዋርድ ከመውጣቱ በፊት ካልሲየሙ፣ ቫይታሚን ዲው፣ ኩላሊቱ፣ ታይሮይዱና ቴስቶስቴሮኑ ይታይ። ስቴሮይድ ይወስድ እንደሆነ፣ ለፕሮስቴት ካንሰር ሆርሞን የሚያፍን መርፌ ይወጋ እንደሆነ፣ ስንት መለኪያ እንደሚጠጣ ይጠየቅ። የመሸኛ ወረቀቱ ላይም ከብረቱ ቀጥሎ የአጥንቱ መድኃኒት ይጻፍ።