ፀሐይ መሞቅና ፀሐይ ማግኘት

ሕፃን በተወለደበት ቤት ዘመድ አዝማድ ለአራሷ ከሚለግሳት ምክር አንዱ «ልጁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው» የሚል ነው። ምክሩ ደግ ነው። «አሙቂው» የምትለው ቃል ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ታሳስታለች።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በአዲስ አበባ የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተካሄደ ጥናት፣ የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የሚመጣው የአጥንት መልፈስፈስ፣ ከታመሙት በ210ሩ ላይ ሲገኝ ካልታመሙት ግን በ20ዎቹ ላይ ብቻ ታየ። ይህ የሆነው ራሷን የ13 ወር ፀሐይ ምድር ብላ ለጎብኚዎች ባስተዋወቀች አገር ነው።

ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው የሞገድ ርዝመቱ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር በሆነው፣ ዓይን በማያየው የአልትራቫዮሌት ቢ ጨረር አማካይነት ነው። ሙቀት የሚሰማን ግን በዋናነት ከሚታየው ብርሃንና ከኢንፍራሬድ ጨረር ነው። ተራ የመስኮት መስታወት እነዚህን አሳልፎ የመጀመሪያውን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። ስለዚህ ብርድ እንዳይመታው ተብሎ በተዘጋ መስኮት ሥር የተኛ ሕፃን፣ ላብ ቢያጠምቀው እንኳ፣ ለአጥንቱ የሚሆን ነገር አላገኘም። በጋቢ ተጠቅልሎ ደጅ የወጣውም ዕጣው ከዚህ ብዙ አይለይም።

የሰዓቱም ነገር አለ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአድማስ ከፍ ያለችው 24 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ጨረሯ የሚያቋርጠው አየር፣ ከአናት በላይ ስትሆን ከሚያቋርጠው ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ ኦዞንም አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ቢ በመንገድ ላይ ይውጠዋል። መለኪያው የእናቲቱ የራሷ ጥላ ነው፤ ከቁመቷ እስከረዘመ ድረስ ጨረሩ ደካማ ነው። በተጠቀሰው ወቅት ጥላና ቁመት የሚተካከሉት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የቀትሩ ፀሐይ ግን፣ በተለይ በዚህ ከፍታ፣ ለጨቅላ ቆዳ አይበጅም፤ የቆይታውን ልክ ሐኪም ቢወስነው ይሻላል።

ጥፋቱን በእናቶች ላይ ብቻ መጫን ደግሞ ግፍ ነው። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አራስ ልጇን አቅፋ በየቀኑ ደረጃ እንድትወርድ እንመክራታለን፤ ስትወርድ የምታገኘው የመኪና ማቆሚያ ነው። በተማርኩበት በሰሜን አውሮፓ በብርዱ ወራት ይህ ጨረር ለቆዳ በሚበቃ መጠን መሬት ስለማይደርስ ሕፃናት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ይወስዳሉ፤ የተለመደው መጠን በቀን 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ማንም እናቲቱን ሰነፍ አይላትም። ጠብታው ደጅ መውጣት ለማይሆንላቸው ቤተሰቦች ከክትባቱ ቀጠሮ ጋር በጤና ጣቢያ ቢሰጥ፣ በየሕንፃዎቹ መካከልም ነፋስ የማይበዛበት አንድ ፀሐያማ ጥግ ለአራሶች ቢከለል፣ ወጪው አንድን በሳንባ ምች የታመመ ሕፃን በኦክስጅን አስተኝቶ ከማከም የሚበልጥ አይመስለኝም።