የጨዋታ ቃልና የሰፈር ቃል

ዛሬ ከዳማና ከካርታ ወጣ ብለን ቀኑን ሙሉ ስለሚወስድ አንድ ጨዋታ እናውጋችሁ።

ስሙ ትዋይላይት ኢምፒሪየም ይባላል። ክርስቲያን ፒተርሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ሲሆን፣ እኛ እጅ የገባው የ2017ቱ አራተኛ እትም ነው። ከ3 እስከ 6 ሰው ይጫወተዋል። እያንዳንዱ ከ17 ወገኖች አንዱን መርጦ በኅዋ ላይ ፕላኔት ይይዛል፣ መርከብ ይሠራል፣ ይነግዳል፣ ይዋጋል። መሐል ላይ የወደቀ መንግሥት መናገሻ የነበረችው ሜካቶል ሬክስ አለች። እሷ ከተያዘች በኋላ ሁሉም በሕግ ጉዳይ ድምፅ ይሰጣል። ቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ አሸነፈ።

ትልቁ ነገር ግን ጦርነቱ ሳይሆን ድርድሩ ነው። እዚያው በዚያው የሚፈጸም ስምምነት ይጸናል፤ ለወደፊት የተገባ ቃል ግን በጨዋታው ሕግ አያስርም።

ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ልጃችን «ድንበርህን አልነካም» ብሎ የጎረቤቱን ድምፅ ከወሰደ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዙር መርከቦቹን ላከበት። የተከዳው ቡናውን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ። «ሕጉ ይፈቅዳል እኮ!» ብንለው ማን ይስማን።

ማታ የከዳው ልጅ ቤት በር ተንኳኳ። የተከዳው ነው። የዚያን ቀን ራሽን ወጥቶ ነበርና፣ እናቱ ተበድረውት የነበረውን ዱቄት ተሸክሞ መጥቷል።

እኛ እዚህ የምንኖረው ለነገ በተገባ ቃል ነው። በጨዋታው አያስርም፤ እኛን ግን ያስረናል።

ለመጪው ቅዳሜ ሁለቱም እንመጣለን ብለዋል። አንድ ቦታ ስላለ መጫወት የሚፈልግ ብቅ ይበል። ሰላም ሰንብቱ!