ከአሥር ስንት? ስለ አልበም ማርክ አሰጣጣችን

በባለፈው እትም ከስፖርት ዜናው በታች ተለጥፎ የነበረውን የአልበም ዓምድ ሳታነቡት የቀራችሁ አይመስለኝም። ከምግብ አዳራሽ ስንወጣ ሁላችንም የምንቆመው እዚያው ነውና። አምስት አልበሞች ተደርድረው እያንዳንዳቸው ከአሥር ማርክ ተሰጥቷቸዋል። አንዱ ስምንት፣ አንዱ ስድስት፣ አንዱ ደግሞ ሁለት። ከቁጥሩ ጎን «ይደነሳል»፣ «አሰልቺ»፣ «ለሠርግ ብቻ» የሚል አንዳንድ ቃል ተጽፏል። ጸሐፊው ስሙን አልጻፈም። እሱስ ይሁን፣ እኔም ብዙ ጊዜ አልጽፍም። ግን አልበሙን ስንት ጊዜ እንደሰማው፣ በምን እንደሰማው፣ የት ሆኖ እንደሰማው አንዲት ቃል የለችም።

ሁለት ያገኘው አልበም የራያ ዘፈኖች የሞሉበት ነው። ክርክሬ ስለ አንድ ድምፃዊ ስላልሆነ ስሙን አልደግመውም። ብዕሬን ያነሳሁት ያ «ሁለት» ያደረገውን ስላየሁ ነው። በዶርማችን ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ አካባቢ ካለ መንደር የመጣ አንድ ልጅ አለ። ማታ ማታ መብራት ሳይጠፋ ከስልኩ ሚሞሪ ላይ የሀገሩን ዘፈን ይከፍታል። ልብስ እያጣጠፈም ቢሆን ትከሻው አርፎ አይቀመጥም። ጋዜጣው በተለጠፈ ማግስት እንደ ልማዱ ሲከፍት ከላይኛው አልጋ አንዱ «ኧረ ያንን ሁለት ከአሥር ዝጋልን!» አለው። ተሳቀ። እኔም ስቄአለሁ፣ አልዋሽም። ልጁ ምንም ሳይናገር ዘጋው። ከዚያ ወዲህ የሚሰማው በኤርፎን ነው፤ ትከሻውም ዝም ብሏል።

እንግዲህ እኛ ነገ ከነገ ወዲያ ማርክ ሰጪዎች ልንሆን የመጣን ሰዎች ነን። ስለ ምዘና እንማራለን፣ እንፈተናለን። አሥራ ሁለት ጥያቄ ያለበትን ወረቀት የመጀመሪያውን መልስ ብቻ አንብቦ ውጤት የሚሞላ መምህር ቢገጥመን ምን እንደምንለው ሁላችንም እናውቀዋለን። አልበምም እኮ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ዘፈን ያለበት ሥራ ነው። ዓምደኛውን በረንዳ ላይ አግኝቼ (ስሙ ባይጻፍም ግቢው ጠባብ ስለሆነ ይታወቃል) «ሁሉንም ሰማኸው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሰማሁ፣ ሌላውን ነካ ነካ አደረግሁት» አለኝ። ነካ ነካ! በምን እንደሰማው ስጠይቀው በስልኩ ድምፅ ማጉያ፣ ልብስ እያጠበ ነው። በዚያ ላይ ከበሮው የሚሰማ መስሎታል?

ለአልበም ማርክ መስጠት ነውር ነው ማለቴ ግን አይደለም። አሜሪካዊው ሐያሲ ሮበርት ክሪስጋው ከእ.ኤ.አ. 1969 ጀምሮ ለሚወጡት ሸክላዎች ልክ እንደ መምህር ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ውጤት ሲሰጥ ኖሯል። ብዙ አንባቢም አፍርቶበታል። በዚያው ዓመት ሮሊንግ ስቶን የተባለው መጽሔት የሌድ ዜፕሊንን የመጀመሪያ አልበም አጣጥሎ ጻፈ። ያ አልበም ዛሬ ከሮክ ሙዚቃ ዓምዶች አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። ከአሥር፣ ያውም በነጥብ እየከፋፈለ ማርክ በመስጠት የታወቀው ፒችፎርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የራሱን የቆዩ ውጤቶች መልሶ አይቶ የበርካታ አልበሞችን ቁጥር ለወጠ። አንዳንዱን ከፍ፣ አንዳንዱን ዝቅ አደረገ። ወረቀቱን መልሶ የሚያርም መምህር ስንቱ ነው? እኔ ይህን ሳነብ ወደድኳቸው።

የእኛን አገር ብናይ ነገሩ የባሰ ነው። የዋልያስ ባንድ ሰው የነበረው ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ ኪቦርዶችን ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት አወጣ። ካሴቱ በጊዜው ትንሽ ተሰምቶ መደርደሪያ ላይ ቀረ፤ ሰውዬውም ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የውጭ አገር ሰው ያንን ካሴት እዚሁ ክልላችን፣ ባሕር ዳር አገኘውና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉም በስተርጅና ወደ መድረክ ተመልሶ በየአገሩ ተጨበጨበለት። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ም አገር ውስጥ በ1975 ተቀርጾ ቤልጂግ ውስጥ ታትሞ አውሮፓ የሰማው በ1986 ነው። ባሕር ዳር የነበረው ያ ካሴት በ1985 በግድግዳ ጋዜጣ ላይ «ሁለት» ቢባልና ባለሱቁ ቢወረውረው ኖሮ ምን ይገኝ ነበር?

አሁን ወደ ቆቦ ልመለስ። በካሴት ዘመን፣ ትልልቆቹ እንደሚያወሩልን፣ ሰው ካሴት የሚገዛው በጋዜጣ አንብቦ አልነበረም። ሙዚቃ ቤቱ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ያቆማል፣ አዲሱን ካሴት ከጧት እስከ ማታ ይለቀዋል። ገበያ የወጣው ሰው ማሽላውን ሸጦ ሲመለስ ቆም ብሎ ያዳምጣል። ገጹ እስኪገለበጥ የቆመ ሰው ይገዛል፤ ከአንድ ዘፈን በኋላ የሄደ አይገዛም። ማርኩ እሱ ነበር። ዛሬ ካሴቱ የለም፤ ሚሞሪ የሚጭኑት ልጆች ቦታውን ወስደዋል። ሰው ብር ከፍሎ «የወሎ ጫንልኝ፣ የራያ ጨምርበት» ይላል። ሚሞሪው ሲሞላ የትኛው ይጥፋ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ከማንኛውም ቁጥር ይልቅ እኔ የማምነው ይህን ነው። ጠቦ ጠቦ ቦታ ሲጠፋ ሰው ያላጠፋው ዘፈን!

ይህን ስል «ዘመኑ የዩቲዩብ ነው፣ ስንት ሚሊዮን ሰው እንዳየው ቁጥሩ ይናገራል» የሚሉኝ አይጠፉም። እኔም እንዲያ እል ነበር። ነገር ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በፊትም በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ቆቦ በገባበት ጊዜ እንኳን ኢንተርኔት ስልክም አልነበረም። በእነዚያ ወራት የወጡ አልበሞች ሚሊዮን ሲቆጥሩ የቆቦ፣ የጎብዬ፣ የሮቢት፣ የዞብል ሰው በቁጥሩ ውስጥ የለም። ዘፈን አልሰማም ማለት ነው? ሰምቷል። በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበለ፣ ባትሪውን በሶላር እየሞላ ሰምቷል። ስሙ ሳይጠራ የቀረ ተማሪ ክፍል ውስጥ አልነበረም ይባላል እንጂ ልጁስ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር።

ስለ ራያ ዘፈን ደግሞ የምለው አለኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይቅርታ አድርጉልኝ። በአማርኛ አልበም የቆየ ልማድ አለ፤ አንድ ትዝታ፣ አንድ ጉራግኛ፣ አንድ ጎጃም ተደርጎ ወደ መጨረሻው አካባቢ «ራያ» የምትባል አንዲት ዘፈን ጣል ትደረጋለች። ገምጋሚዎቻችንም «ብሔረሰቦችን ያካተተ ሙሉ አልበም» ብለው ለዚያ ብቻ አንድ ማርክ ይጨምራሉ። ዘፈኗ ጥሩ ትሁን አትሁን የሚመረምር የለም፤ መኖሯ በቃ። በተገላቢጦሹ አልበሙ ሙሉውን የራያ ሲሆን «አንድ ዓይነት ነው፣ አሰልቺ» ይባልና ሁለት ይሰጠዋል። አንዷ ስትሆን ጌጥ፣ አሥራ ሁለት ሲሆኑ ሸክም። ይህ እንዴት ያለ ሚዛን ነው?

ወሎ ሲባል ሁሉም ሰው ስለ ቅኝት ያወራል። ባቲ፣ አምባሰል እያለ፤ ሁለቱም የወሎ ቦታዎች ስም ናቸውና ኩራታችን ነው። የማሪቱ ለገሠን አምባሰል ሰምቶ ዝም የሚል ጆሮ የለም። የራያው ጉዳይ ግን፣ በእኔ ጆሮ፣ ከቅኝቱ ይልቅ ምቱ ላይ ነው። በአማርኛም ይዘፈን በትግርኛ (በሁለቱም ይዘፈናል) ከበሮው፣ ጭብጨባውና መሬት የሚመታው እግር አንድ ላይ ሲያርፉ ነው ዘፈኑ ዘፈን የሚሆነው። ሠርግ ላይ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ክብ ሠርተው ሲዘሉ፣ ነሐሴ ላይም ልጃገረዶቹ ለሶለል ሲወጡ ይኸው ነው። ከበሮውን ብታቆሙት እግሩ ይቀጥላል። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ ዘፈን የተሠራ የኪቦርድ ምት ፍጥነቱ ጨመር ይደረግና «ራያ» ይባላል። ያን ጊዜ የቆቦ ሰው ሠርግ ላይ ይነሳል፣ ሁለት ሦስቴ ይዘልና እግሩ ከምቱ ጋር አልገጥም ሲለው ተመልሶ ይቀመጣል። ሁለት ማርክ መስጠት ካስፈለገ ለዚህ ነበር መስጠት። ሁለት የተሰጠው አልበም ግን፣ አምስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ከበሮው እውነተኛ ነው፤ ጭብጨባውም የሰው እጅ ነው። ግጥሙ እዚህም እዚያም መደጋገሙን አልክድም። ስድስተኛውና ሰባተኛውም ቢቀሩ ባልናፈቁኝ ነበር።

እኔስ ቢሆን ሳልሳሳት ቀርቼ ነው? የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ ያደረገው የሮክ አልበም ነው። ስሙን የወሰደው ከዞብል ተራራ ወዲያ በተዘረጋው የአፋር ምድር፣ ራቅ ብሎ በስተሰሜን ካለው እሳተ ገሞራ ነው። መጀመሪያ በስልክ ስሰማው ጊታሩ የሚጎተት ቆርቆሮ መስሎኝ በደብተሬ ላይ «4» ብዬ ጻፍኩ። በኋላ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስሄድ አውቶቡሱ ውስጥ ከማጉያው ሥር ተቀምጬ፣ መኪናው ወደ ቆላው ሲወርድ ሹፌሩ ከፈተው። ምን ልበላችሁ! ወፍራሙ ጊታር ወንበሩ ውስጥ ይሰማ ነበር። አሁን «7» ነው የምለው። ከዚያ በላይ ያልሄድኩት ግጥሙ አንዳንድ ቦታ በጊታሩ ስለሚዋጥብኝ ነው።

የሮፍናን «ነፀብራቅ» (እ.ኤ.አ. 2018) በኮምፒዩተር የተቀመረ የዳንስ ሙዚቃ ነው። ማሽን ገብቶበት የሀገር ምት ሳይሞት እንደሚኖር ያሳየኝ እሱ ነው፤ መሃሉ ለእኔ ትንሽ ቢረዝምም «8» ሰጥቼዋለሁ። የኪቦርዱን ምት ስነቅፍ ማሽን የጠላሁ የመሰላችሁ ይህን ያዙልኝ። የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ የቢልቦርድን የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ በአንደኝነት መርቷል። በሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ ላይ የተመሠረተውን «ማር እስከ ጧፍ»ን መምህር ለመሆን የመጣ ሰው ሁሉ ቢሰማው ደስ ይለኛል። ለአልበሙ ግን ማርክ አልሰጥም። በዶርማችን ለዚያ አልበም ማርክ የሰጠ ሰው ከጆሮው ይልቅ ሌላ ሌላ ነገሩ ይመረመራልና።

ስለዚህ ለዓምዱ አዘጋጅ ያቀረብኩት ሐሳብ ቀላል ነው። ከቁጥሩ ጎን «በስልክ፣ አንድ ጊዜ» ወይም «በትልቅ ማጉያ፣ አራት ጊዜ» ተብሎ ይጻፍ። አንባቢው ያኔ ቁጥሩን በዚያ ልክ ይመዝነዋል። ሙሉውን ያልሰማነው አልበም ቦታው ባዶ ይሁን። ከዓመት በኋላም ሐሳቡን የለወጠ ሰው አሮጌውን ቁጥር ሰርዞ አዲሱን ይጻፍ፤ የተሰረዘውም ይታይ። አዘጋጁ ሰምቶኝ «እናየዋለን» ብሏል። እናየዋለን ማለት ምን እንደሆነ ሁላችን ብናውቅም።

እስከዚያው ግን ለመጪው ዓርብ ከእራት በኋላ የሚኒ ሚዲያውን ድምፅ ማጉያ አስፈቅጃለሁ። ሁለት ያገኘውን አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳናቋርጥ እንሰማዋለን። ዓምደኛው እመጣለሁ ብሏል፤ ክፋት የለበትም ልጁ። የዶርማችን ልጅ ሚሞሪውን ሊያውሰን ተስማምቷል፣ እሱ ራሱ ግን መምጣቱን እርግጠኛ አይደለም። ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠግተን እንደረድራቸዋለን፤ መሃሉ ባዶ ነው።